የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ እንቅስቃሴንና አመጋገብን በጨዋታ መልክ መያዝ ያዋጣል?

ከጅማ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ የሚያነሡት ጉዳይ ተቀራራቢ ሆኖ ስላገኘነው በዚህ እትም አንድ ላይ አስተናግደናቸዋል። በጸሐፊዎቹ ፍላጎት መሠረት ስማቸው አልተገለጸም፤ ደብዳቤዎቹም ለአምዱ እንዲመቹ በጥቂቱ አጥረዋል።

ጥያቄ፦ የ43 ዓመት ሴትና የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እውላለሁ፤ ወደ ሥራም ሆነ ወደ ቤት የምመላለሰው በባጃጅ ነው። በቅርቡ ባደረግሁት ምርመራ የደም ግፊቴ ከፍ ማለት እንደ ጀመረና ክብደቴም እንደ ጨመረ ሲነገረኝ፣ አንዲት ባልደረባዬ እርምጃ የሚቆጥር መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። በቀን 10,000 እርምጃ ከሞላሁ ኮከብ ይሰጠኛል፤ ቀን ሳላቋርጥ በቀጠልሁ ቁጥር ደግሞ የቀኖቹ ሰንሰለት እየረዘመ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ከአጂፕ እስከ ቤቴ በእግሬ መሄድ ጀምሬ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ክረምቱ ገባ። አንድ ማታ ጥቂት መቶ እርምጃ ሲቀረኝ ዝናቡ አላስወጣ ስላለኝ፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኩን በእጄ ወዲያና ወዲህ እየነቀነቅሁ ቁጥሩን ስሞላ ልጄ አየችኝና «እማዬ፣ ስፖርት የሚሠራው ስልኩ ነው እንዴ?» አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ሰንሰለቱ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ መተግበሪያውን ከፍቼው አላውቅም፤ መመላለሻዬም እንደ ድሮው በባጃጅ ሆኗል። እንዲህ ያለው ነገር ለትልቅ ሰው ይሠራል ወይስ የልጆች ማታለያ ነው?

መልስ፦ ለትልቅ ሰውም ይሠራል። ይሁን እንጂ የሚሠራው የጨዋታው ሕግ ከተጫዋቹ ኑሮ ጋር ሲገጥም ነው። ስልክዎ ላይ የተጫነው መተግበሪያ የጅማን ዝናብ አያውቅም፤ ከሥራ ሲመለሱ እራት የሚጠብቅ ቤተሰብ እንዳለዎትም አያውቅም። ስለዚህ የጨዋታውን ሐሳብ ይያዙ፤ ሕጉን ግን ራስዎ ያውጡ።

መጀመሪያ ሊሻሻል የሚገባው የ10,000 እርምጃው ግብ ነው። ይህ ቁጥር ከሕክምና ምርምር የተገኘ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ጋር የተስፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና አማካይ ዕድሜያቸው 72 ዓመት የሆኑ ከ16,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት፣ በቀን 4,400 ገደማ እርምጃ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ በክትትሉ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው በግልጽ ዝቅ ያለ እንደነበር፣ ልዩነቱም እስከ 7,500 ገደማ እየሰፋ ሄዶ ከዚያ በኋላ ብዙም እንዳልጨመረ አሳይቷል። እርስዎ ከእነዚያ ሴቶች በዕድሜ በጣም ስለሚያንሱ ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አይገባም፤ ነገር ግን 10,000 ያልሞላበት ቀን ሁሉ የከሰረ ቀን አለመሆኑን ለመረዳት ይበቃል። ከልማድዎ ምንም ሳይለውጡ አንድ ሳምንት ይቁጠሩ፤ የቀን አማካዩን ይያዙና በላዩ 1,000 ይጨምሩ። ይህ የ10 ደቂቃ መንገድ ነው። ሲለምዱት ሌላ 1,000 ይጨምራሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚደርስ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ በሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ስለሆነ፣ በእርምጃ ፋንታ ደቂቃ መቁጠርም ይቻላል። እንዲያውም ለእርስዎ ይህ ሳይሻል አይቀርም፤ ስልኩ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ እርስዎ ሂርማታ ገበያ ደርሰው ቢመለሱ የተራመዱት ከሒሳብ አይወጣም።

ወደ ሰንሰለቱ እንምጣ፤ ዋናው ችግር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ቀን ሳይቋረጥ የሚቆጠር ሰንሰለት በረዘመ ቁጥር ሰውን ይበልጥ ይይዛል፤ በተቆረጠ ዕለት ግን ያለፈውን ልፋት ሁሉ ዜሮ ያደርገዋል። ሶፋ ላይ ስልክ የሚያስነቀንቀው ይኸው ፍርሃት ነው። በሆነው ነገር ሐፍረት አይሰማዎት፤ ነጥብ የሚሰጠው ለቁጥሩ ብቻ ከሆነ ማንም ሰው ቁጥሩን የሚሞላበት አቋራጭ ይፈልጋል። ደግሞም ልማድ በአንድ ቀን መቅረት አይፈርስም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ሰዎች አንድን አዲስ ተግባር ሳያስቡት እስኪፈጽሙት ድረስ በአማካይ 66 ቀን እንደፈጀባቸው፣ አንዳንዱ በ18 ቀን ሲለምድ ሌላው ከ250 ቀን በላይ ሊወስድበት እንደሚችል፣ መሐል ላይ አንድ ቀን መዝለልም በሒደቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት እንደሌለው አመልክቷል።

ታዲያ በሰንሰለቱ ምትክ ምን ይሁን? ለእርስዎ ኑሮ ይስማማል ብለን የምናስበው በአሜሪካ ፍሬሚንግሃም ከሚካሄደው ዝነኛ የልብ ጥናት ቤተሰቦች በተውጣጡ 200 ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመው ጨዋታ ነው። ሕጉ ቀላል ነበር። ቤተሰቡ ሳምንቱን ሲጀምር 70 ነጥብ አስቀድሞ ይሰጠዋል። በየቀኑ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በዕጣ ይወጣል፤ ያ ሰው በዋዜማው ግቡን ሳይመታ ቀርቶ ከሆነ ከቤተሰቡ ላይ 10 ነጥብ ይቀነሳል። በሳምንቱ መጨረሻ በቂ ነጥብ የቀረው ቤተሰብ ወደሚቀጥለው ደረጃ ያድጋል፤ ያልቀረው ደግሞ አንድ ደረጃ ይወርዳል። አዲሱ ሳምንት ሲገባ ሁሉም እንደገና በ70 ይጀምራል። በ12 ሳምንት ውስጥ ጨዋታው የተሰጣቸው ሰዎች ከቀኖቹ በ53 በመቶው ግባቸውን ሲመቱ፣ እርምጃቸውን ብቻ እንዲከታተሉ የተደረጉት የመቱት በ32 በመቶው ነበር። ጨዋታው ካበቃ በኋላም ልዩነቱ ቢጠብም ጨርሶ አልጠፋም።

ልብ ይበሉ፤ ሽልማት የሚባል ገንዘብ የለበትም። ሰዎቹን የያዛቸው በእጃቸው የገባን ነጥብ ላለማጣት መጓጓታቸው፣ ዕጣው በማን ላይ እንደሚወድቅ አለመታወቁና የአንዱ ስንፍና ሌላውን የሚያስጠይቅ መሆኑ ነው። ሳምንቱ በታደሰ ቁጥር ያለፈው ጥፋት ስለሚሰረዝ፣ ረቡዕ የወደቀ ሰው ሰኞን የሚጠብቅበት ምክንያት አለው። ይህን በቤትዎ ለማድረግ ስልክም አያስፈልግም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። የእኛ ወር ምንጊዜም 30 ቀን መሆኑ ደግሞ ወርን ከወር ለማወዳደር ይመቻል፤ ጳጉሜን ለሁሉም የዕረፍት ጊዜ አድርጓት።

ለዝናብ የራሱ ሕግ ይውጣለት። ጅማ ላይ ዝናብን ደርሶ እንደመጣ እንቅፋት መቁጠር ራስን ማታለል ስለሚሆን፣ ከመጀመሪያው «በዝናብ ቀን እነዚህ ይቆጠራሉ» የሚል ዝርዝር ይኑርዎት፦ ገመድ መዝለል፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ከወንበር በእጅ ሳይደገፉ እየተነሡ መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ በክንድ መግፋት። የሕመም ቀን፣ የለቅሶና የሠርግ ቀን ነጥብ አያስቀንስ። በጾም ወይም በረመዳን ደግሞ እንቅስቃሴውን ወደሚመችዎት ሰዓት ማዛወርና ግቡን ዝቅ ማድረግ በሕጉ ውስጥ አስቀድሞ ይጻፍ።

ልጅዎን በተመለከተ፣ እንዲህ ያለ ዐይን ያላት ልጅ በቤት ውስጥ ካለች ዳኝነቱን ለእርሷ መስጠት ነው። ይህ ለቀልድ የተባለ አይደለም። ከመጠን በላይ ክብደት ባላቸው 602 የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት፣ አንዱን ቡድን ሒደቱን የሚከታተልለት ዘመድ ወይም ወዳጅ ሰጥቶ፣ ሌላውን በኅብረት፣ ሦስተኛውን በፉክክር አጫውቶ ነበር። ጨዋታው በቆየባቸው 24 ሳምንታት ሦስቱም ካልተጫወቱት ይልቅ ብዙ ተራምደዋል። ከጨዋታው በኋላ በተደረገው የ12 ሳምንት ክትትል ግን ከፍ ብሎ የቆየው የተፎካካሪዎቹ ብቻ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሁሉም ሰው ይፎካከር ማለት አይቻልም፤ መሸነፍ የሚያስቀይመው ሰው ከጅምሩ ባይገባበት ይሻላል። መተግበሪያውን የጫነችልዎትን ባልደረባዎን ግን ለአንድ ወር ቢጋብዟት ምን ይጎዳል?

አንድ ነገር ከወዲሁ ይወቁ፤ ጨዋታ ይሰለቻል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለምን ያዳረሰው ፖኬሞን ጎ የተባለው የስልክ ጨዋታ ተጫዋቾቹን በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ወደ 1,000 የሚጠጋ ተጨማሪ እርምጃ እንዳስኬዳቸው፣ በስድስተኛው ሳምንት ግን ወደ ቀድሞ ልካቸው እንደ ተመለሱ በወቅቱ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ አንድ ሕግ ይለውጡ፤ ለምሳሌ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ከቤተሰብ ጋር በእግር መውጣትን የወሩ ማሳረጊያ ማድረግ ይችላሉ። የደም ግፊትዎ ከፍ ማለት ስለጀመረ ግን ወደ ዳገት ከመሄድዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። በእንቅስቃሴ ላይ ሳሉ ደረትዎን ከጨነቀዎት፣ ካዞረዎት ወይም ከወትሮው የተለየ የትንፋሽ ማጠር ካጋጠመዎት ጨዋታው እዚያው ይቆማል፤ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ የቤታችንን አመጋገብ ለመለወጥ እየታገልሁ ነው። እርሱ ቡናና ሻይ ያለ ስኳር አይጠጣም፤ ብናገረው ይቆጣል። ልጆቹ ደግሞ ጎመንና ካሮት ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ለትንሹ ልጄ «ጎመኑን ከጨረስህ ለስላሳ እሰጥሃለሁ» እያልሁ ማብላት ጀምሬአለሁ። ይበላል፤ ግን ያለ ለስላሳው አይሆንም። የተሻለ ዘዴ አለ?

መልስ፦ ከልጁ እንጀምር። ጎመን ተበልቶ ለስላሳ ሲሰጥ ልጁ የሚማረው ጎመን መከራ፣ ለስላሳ ደግሞ የመከራው ካሣ መሆኑን ነው። አንድን ምግብ በሌላ ምግብ መሸለም የሚሸለመውን ይበልጥ ተወዳጅ፣ ሽልማት ያስገኘውን ይበልጥ የተጠላ እንደሚያደርገው በልጆች አመጋገብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር መኖሩም አለ።

ይህ ማለት ሽልማት ይቅር ማለት አይደለም። በእንግሊዝ ከ4 እስከ 6 ዓመት በሆናቸው ልጆች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ ያልወደዱትን አትክልት ለ12 ቀን ያህል በየቀኑ ጥቂት እንዲቀምሱ ተደርገው ተለጣፊ ሥዕል ወይም ምስጋና ያገኙት ልጆች፣ ሽልማቱ ከቆመ ከሦስት ወር በኋላም ያንን አትክልት ከቀድሞው ይበልጥ ይበሉ ነበር። ምስጢሩ ሁለት ነገር ላይ ይመስለናል፦ ሽልማቱ ትንሽና የማይበላ መሆኑ፣ የሚጠየቀውም መጨረስ ሳይሆን መቅመስ ብቻ መሆኑ። እንግዲህ ለትንሹ ልጅ አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጥፉለት፤ አንድ ጉርሻ ጎመን የቀመሰ ዕለት አንድ ኮከብ በቀለም ይሣል። ቀምሶ ቢተፋውም ኮከቡ ይሰጠው፤ መጨረስ አለመጨረሱን አይቁጠሩ። ማንጎና ሙዝ ግን በዚህ ጨዋታ ውስጥ አይግቡ። እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመ ታዋቂ ሙከራ፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» ተብለው ከተሸለሙ በኋላ በራሳቸው ጊዜ የሚሥሉት ቀንሶ ተገኝቷል። ልጁ በገዛ ፍላጎቱ የሚበላውን ነገር መሸለምም ፍላጎቱን ሊያበላሸው ይችላል።

የባለቤትዎ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቤተሰብ በሙሉ እርሱን የሚቆጣጠርበት ጨዋታ ከሆነ ገና ሳይጀመር ያልቃል። በመናገር ፋንታ ስኳሩ ራሱ እንዲታይ ያድርጉ። እሑድ ዕለት ለቤተሰቡ ሳምንታዊ ቡናና ሻይ የሚበቃውን ስኳር በሻይ ማንኪያ ቆጥረው በአንድ ብልቃጥ ያስቀምጡ፤ በሳምንቱ ውስጥ ከሌላ ዕቃ አይጨመርበትም። በመጪው እሑድ የተረፈው ይቆጠራል፤ የተረፈው ማንኪያ ሁሉ ለቤተሰቡ ነጥብ ይሆናል፤ ለቀጣዩ ሳምንትም ያን ያህል ተቀንሶ ይለካል። እንዲህ ሲሆን ማንም በማንም ላይ ጣቱን አይቀስርም፤ አባትም እንደ ሌላው ተጫዋች ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። አቦል፣ ቶናና በረካን በሦስት በሦስት ማንኪያ የጠጣ ሰው 36 ግራም ወስዷል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለጤነኛ አዋቂ እንኳ ማርን ጨምሮ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 እንዲወርድ ይመክራል። ስኳር ላለበት ሰው መድረሻው ያለ ስኳር መጠጣት ነው፤ በጤና አዳም የተጠጣ ቡና ስኳሩን ለማስረሳት ይረዳል የሚሉ ብዙ ናቸው።

ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አብሮ መራመድም ከምግቡ የሚመጣውን የስኳር መጨመር ይቀንሳል፤ ለነጥብም ይመቻል። ነገር ግን ባለቤትዎ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ እንቅስቃሴ ሲጨምርና ምግብ ሲቀንስ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪሙን ያነጋግር፤ ሲወጣም ከረሜላ ኪሱ ውስጥ ይያዝ። መጾም ካሰበም እንደዚሁ።

ጥያቄ፦ ሰባት ጓደኛሞች ነን። ክብደት ለመቀነስ በየወሩ እያንዳንዳችን 500 ብር እናዋጣና ብዙ ኪሎ የቀነሰው ጠቅልሎ እንዲወስድ ተስማምተናል። ጥሩ ሐሳብ ነው?

መልስ፦ ገንዘብ ማስያዙ ጥሩ ነው፤ የቀረው አይደለም። በኪሎ መወዳደር ሰውን ወደ ረኃብ ይገፋዋል። ሚዛን ላይ ሊወጣ ሲል ውኃ የማይጠጣ፣ ከዚያም አልፎ ተቅማጥ የሚያመጣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይመጣል። በአንድ ወር ውስጥ የሚታየው የኪሎ ልዩነት ብዙውን ጊዜ የውኃ ስለሆነ አሸናፊው በእርግጥ ስብ ስለመቀነሱ እንኳ ማረጋገጫ የላችሁም። አንዱ የሌላውን ገንዘብ ጠቅልሎ የሚወስድበት አሠራርም ከቁማር አይለይም የሚል ጥያቄ ከመካከላችሁ መነሣቱ አይቀርም።

ገንዘብ የሚሠራበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የአሜሪካ ሙከራ በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። 281 ሰዎች በቀን 7,000 እርምጃ እንዲራመዱ ተጠየቁ። ግቡን በመቱ ቁጥር ጥቂት ገንዘብ የተሰጣቸው ከቀኖቹ በ35 በመቶው መቱ፤ ምንም ያልተከፈላቸው በ30 በመቶው። በወሩ መጀመሪያ ሙሉው ገንዘብ ተመድቦላቸው ግቡን በሳቱ ቁጥር የተቀነሰባቸው ግን 45 በመቶ ደረሱ። ልዩነቱን ያመጣው ገንዘቡ «የእኔ ነው» ከተባለ በኋላ መቀነሱ ነው። ይሁንና ከ13 ሳምንት በኋላ ገንዘቡ ሲቆም ልዩነቱም ጠፋ፤ ስለዚህ በገንዘብ ብቻ ሩቅ አትሄዱም።

እኛ ብንሆን እንዲህ እናደርግ ነበር። እያንዳንዱ ሰው 500 ብሩን እንደ ዕቁብ ለዳኛው ያስይዛል፤ ብሩ ግን እስከ መጨረሻው የራሱ ነው። የሚቆጠረው ተግባር ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ መንቀሳቀስና ለስላሳ አለመጠጣት ይበቃል። አንድ ቀን የሳተ ሰው 20 ብር ይቀነስበታል። የተቀነሰው ለማንም አይሰጥም፤ ለኳስ ወይም ለሜዳ ኪራይ ይዋል፤ እንዲያ ሲሆን የሳተውም ሰው ከገንዘቡ ተጠቃሚ ነው። ማን እንደሳተ በደብተር የሚመዘግበው ጸሐፊ በየሳምንቱ እሑድ ሰባታችሁም ባላችሁበት ደብተሩን ያንብብ፤ በስልክ መልእክት መላክ ይህን አይተካም። ከመካከላችሁ ምግብ መደበቅ ወይም በልቶ ራሱን ማስታወክ የጀመረ ሰው ካስተዋላችሁ ብሩን መልሱለትና ከጨዋታው አውጥታችሁ ወደ ሐኪም አብራችሁት ሂዱ።